ታክስ ሳይጨምር የተያዘችው አርቪ

ታክስ ሊጨምር ነው ሲባል የሰው አምሮት እንዴት እንደሚነሳ አስተውላችኋል? ትናንት በነፃ ቢሰጡት የት ላቁመው ብሎ የሚያማርርበትን ነገር፣ ዛሬ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። መንግሥት ታክስ የሚጨምረው ገንዘብ ፈልጎ ይመስላችኋል? እኔስ ሰው ሲሮጥ ማየት ደስ ብሎት ይመስለኛል።

ከሮጡት አንዱ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ኦክላንድ የምኖርበት ቤት ባለቤት ናቸው፤ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሱቃቸውን ሸጠው ጡረታ የወጡ ሰው። በአዳዲስ አርቪዎች ላይ፣ ማለትም መኝታውን፣ ኩሽናውንና ሻወሩን ተሸክሞ በሚሄደው በዚያ አውቶቡስ አከል መኪና ላይ፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጀምሮ ታክሱ ይጨምራል ሲባል ሰሙ። እስከዚያች ቀን እዚሁ አጠገባችን ካለችው ካስትሮ ቫሊ ወዲያ የመሄድ ሐሳብ አልነበራቸውም። አሁን ግን አሜሪካን ዞሬ ሳላይ አልሞትም አሉ።

ሳን ሆዜ ካለ አንድ መሸጫ ሳራ የምትባል ሴት ትደውልላቸው ጀመር። በእንግሊዝኛ ነው። ሰር፣ ታክሱ ሳይጨምር ይፍጠኑ፣ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት ትላቸዋለች። ድምፅዋ ማር ነው። ጋሽ ተስፋይም ስልኩን ሲያነሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከረባት እንዳሰረ ሰው ተስተካክለው ነው።

እኔ በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። ኦፍ በሆንኩበት ቀን ሳን ሆዜ ቀጠሮ አለኝ፣ በል ንዳኝ አሉኝ። ትራፊክ ፈርተው በጠዋት ስላስነሱኝ ከቀጠሮው እጅግ ቀድመን ደረስን። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል። ቢሮው ገና አልተከፈተም፤ የግቢው በር ግን ገርበብ ብሏል። በመኪና ተጨናንቆ እናገኘዋለን ያልነው ሜዳ ባዶ ነው። ሰዉ ተሻምቶ ወስዶታል። ዳር ላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ መጋረጃዋን የዘጋች አንዲት ነጭ አርቪ ብቻ ቆማለች።

በሯ አልተቆለፈም፤ ገባን። ጠረጴዛው ለአራት ሰው ተሰናድቷል፤ ሳህኖቹ ግን እንዳይሰረቁ በማስቲሽ ተጣብቀዋል። ፖሙ ፕላስቲክ ነው። ፍሬም ውስጥ የማናውቃቸው ፈረንጆች ይስቁብናል። ጋሽ ተስፋይ ማንቆርቆሪያውን ነካ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሞቃል» አሉ በሹክሹክታ።

አዲስ ስለሆነ ነው አልኳቸው። አዲስ ማንቆርቆሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ትኩስ ነው እንዴ? ፍርሃት እንዲህ ያናግራል። አልጋውን ስዳስሰው እሱም ይሞቃል፤ ትራሱ ጎድጉዷል። ከወደ ሻወሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ በር ጀርባ፣ ቀስ ባለ የሴት ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«እባካችሁ በሩን ዝጉት» ተባልን።

ጋሽ ተስፋይ በስመ አብ ብለው በአማርኛ ጀመሩና በትግርኛ ጨረሱት። እኔ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ሙታን በዲቪ ይመጣሉ እንዴ?

የወጣችው ግን የሥራ ልብስ የለበሰች፣ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ሴት ናት። ደረቷ ላይ «ሳራ» ይላል።

«ሰር ስትይኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ጋሽ ተስፋይ።

«ጋሼ፣ አማርኛ ስታወሩ ሰማሁ እንጂ፣ የምደውልላቸው ሰው ሐበሻ ናቸው ብዬ መች ጠረጠርኩ? እኔ ጋ ስምዎ ቶም ተብሎ ነው የተመዘገበው!»

ቶምና ሳራ ተፋጠጡ።

ቆማ አጫወተችን። ኪራዩ አልቀመስ ሲላት ለሽያጭ የቆሙት አርቪዎች ውስጥ ማደር ጀመረች። አንዱ ሲሸጥ ወደ ሌላው ትዛወራለች። የታክሱ ወሬ መጣና ሰዉ ግልብጥ ብሎ ገዛ፤ የቀረቻት ይህቺ ብቻ ናት። ለሰዉ ሁሉ እየደወለ ፍጠኑ ያለው ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ነኛ» አለች። «ለማንም እንዳትናገሩብኝ። ሥራዬም ቤቴም እዚህ ነው።»

የመሸጫው ማናጀር መጥቶ አርቪዋን እንዴት አገኛችኋት ሲል ጋሽ ተስፋይ ኮታቸውን አስተካከሉና፣ አልወደድኳትም፣ ታክሱ ይጨምርና ተመልሰን እናያለን አሉት። ሰውየው እንደ እብድ አያቸው። ኦክላንድ ልንደርስ ስንል፣ «ጫማዋን አልጋው ሥር ደብቃው ነበር፤ አየኸው?» አሉኝ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ዓመቱም ጠባ፣ ታክሱም ጨመረ። አንድ ቀን ሳራ ደወለች፤ በአማርኛ። ጋሽ ተስፋይ ቤቱስ እንዴት ሆነልሽ ብለው ጠየቋት።

«ቤትማ ተመስገን ነው፤ አዳዲሶቹ መጥተው ሜዳው ሞልቷል። የሚገዛ ስለሌለ እያማረጥኩ ነው የማድረው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ግን ጋሼ፣ የምኖረው ከሽያጩ በማገኘው ኮሚሽን ነበር። በእናትዎ አንዷን ይግዙኝ፤ የምተኛበት ሞልቶ የምበላው አጣሁ።»