በጋሽ ደሳለኝ ቀብር ላይ የሞተው ባትሪ

እኛ ሰፈር ሰው ክፉ ሆኖ መኖር ይችላል እንጂ ክፉ ሆኖ መቀበር አይችልም። ካላመናችሁኝ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ስሙ። ሟች በሙሉ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ» ነው። ሙት ወቃሽ መባል ማን ይፈልጋል? እኔ ግን አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። ደግ ደጉ እንዲህ ሞቶ ካለቀ፣ ጉለሌ ውስጥ የቀረነው እነማን ነን?

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ አብዛኛውን የምጽፈው እኔው ነኝ። የምጽፍበት ላፕቶፕ ደግሞ አርጅቷል። ድሮ ግማሽ ቀን ይሠራ የነበረው ባትሪ ወደ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ አርባ ደቂቃ ወረደ፤ አሁንማ ከሶኬት ከተነቀለ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። እሷንም ቃሉን ጠብቆ አይደለም። «ስድሳ በመቶ አለኝ» ይላችኋል፣ ዞር ስትሉ ጥፍት። ላም አለኝ በሰማይ!

ጉዱ የመጣው ጋሽ ደሳለኝ ሲሞቱ ነው። ጳውሎስ አካባቢ ጎሚስታ ቤት ነበራቸው፤ ባለመኪናውን ሳይሰድቡ ጎማ የማያወልቁ ቁጡ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ አርባ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን በሰው ፊት አመስግኖኝ አያውቅም። ዛሬ እንኳ ስሜን በደንብ አንሣልኝ፣ አደራ» አሉኝ።

«ባላነሣልዎ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኩ።

ጻፍኩላቸው፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ። ላትመው ስል መብራት ጠፋ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ጳውሎስ የሚሠራ ፎቶ ኮፒ ቤት አጣሁ። ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። «ስልክህ ላይ አትገለብጠውም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ምክራችሁን ይዛችሁ ያን ቀን የት ነበራችሁ?

ፍትሐቱ እንዳለቀ ቆሜ ከፈትኩት። ሰባ በመቶ ይላል። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ከአባትና ከእናት ስም ተጀምሮ፣ የትውልድ ቦታው፣ ትምህርቱ፣ ሥራው ሁሉ ተዘርዝሮ ሚስት የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም ድምፄን አጎርንኜ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ። «ሰው አክባሪ» ስል ከኋላ አንድ ባለታክሲ ሳል አፈነው። «ከወይዘሮ አስካለ ጋር በ...» ስል ስክሪኑ ድርግም አለ።

ክው አልኩ። ብነካካው ምንም የለም። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ያ ያማረ አንቀጽ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፍቷል፤ የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነው። በቃ፣ እሱኑ ተናገርኩ።

«ጋሽ ደሳለኝ ተሳዳቢ ነበሩ» ስል ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። «የሰደቡትን ደንበኛ ሁሉ እየዞሩ ይቅርታ የሚጠይቁት እትዬ አስካለ ናቸው። ጎሚስታ ቤቱ የተከፈተው የእሳቸው የአንገት ወርቅ ተሽጦ ነው። ጋሽ ደሳለኝ እሳቸው ምሳ ካላመጡላቸው ከማንም እጅ አይበሉም፤ ሲያመጡላቸው ደግሞ ‹ዘገየሽ!› ይሏቸዋል።»

«እውነቱን ነው!» አሉ እትዬ አስካለ፣ እያለቀሱ እየሳቁ። «ወርቄን ሸጬ ነው!» ሕዝቡም ሳቀ፤ ከዚያ የምሩን አለቀሰ። እኔም አላስቻለኝም፣ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ከልብ የተለቀሰበት ቀብር አላስታውስም።

በሳምንቱ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ታፈሰ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር ቤቴ ድረስ መጡ። ለተቀደደው ድንኳን መስፊያ ክር እንኳ ለመግዛት ሦስት ስብሰባ የሚጠሩት ሰውዬ፣ ከኮታቸው ኪስ አዲስ የላፕቶፕ ባትሪ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የእኔ ታሪክ ረዘም ይላል፤ ከተጻፈው ሳይወጣ እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት» አሉ።

አመስግኜ ሸኘኋቸው። ጋሽ ታፈሰ ቀድመው ወጡ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደኋላ ቀሩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አሮጌውን እንዳትጥለው» አሉኝ።