የጥፊ ሕግና የወረቀት ሕግ

[ኖርማንዲ፤ ንጉሡ «የየአገሩ ልማድ ተጽፎ ሕግ ይሁን» ያሉበት ዘመን። ዛሬ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጭር ብሏል፤ ያን ቀን ግን የንጉሡ ዳኛ ወንበር አስወጥቶ፣ መንደርተኛውን ልማዱን እየጠየቀ ያስጽፍ ነበር። ኮሊኔና ጎረቤቱ ማቱረን ተራቸውን እየጠበቁ ይነታረካሉ።]

ማቱረን፦ ቅርንጫፉ አጥሬን ተሻግሯል። በእኔ በኩል የወደቀው ፖም የእኔ ነው፤ አለቀ!

ኮሊኔ፦ አያ ማቱረን፣ ዛፉን የተከለችው እናቴ ናት እኮ። ልማዱም ፍሬው የትም ይውደቅ የት፣ ለባለ ዛፉ ነው።

ማቱረን፦ ማን አለ?

ኮሊኔ፦ አባቴ። ገና ጥርሴ ሲነቀል፣ ከአጥሩ ሥር አቁሞ ልማዱን ነገረኝና እንዳልረሳው በጥፊ አጮለኝ። [ጉንጩን ይዳብሳል] ይኸው አልረሳሁም።

ማቱረን፦ የጥፊ ሕግ ቀረ፣ አንተ ሞኝ! ከዛሬ ወዲያ ሕግ ማለት የተጻፈው ብቻ ነው። እኔ ሩዋን ከተማ የነገረ ፈጅ ቦርሳ ተሸክሜ የዞርኩ ሰው ነኝ!

ኮሊኔ፦ ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?

ማቱረን፦ እ... ተቆልፎ ነበር።

ኮሊኔ፦ ግማሹ ፖም እኮ ወዳንተ ነው የሚወድቀው። የበረዶውን ወራት ምን በልቼ ልለፍ?

ማቱረን፦ እሱን ሆድህን ጠይቀው። ልማዱን የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች እንደሆኑ የፖም ጠጄን ጠጥተው እሺ ብለውኛል።

ኮሊኔ፦ ያውም ከፖሜ የጠመቅከውን! [ወደ ራሱ ግቢ አቅጣጫ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያያል] እሺ። ግን ፖም ብቻ ብለህ ካስጻፍክ፣ ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ ልንጣላ ነው?

ማቱረን፦ አየህ፣ አንዳንዴ ትነቃለህ! ሰፋ አድርጌ ነው የማስጽፈው።

[ይጠራሉ። ማቱረን ጉሮሮውን ጠርጎ በዳኛው ፊት ይቆማል።]

ማቱረን፦ ጌታዬ፣ ከቅድመ አያት የወረስነው ልማዳችን ይህ ነው፤ ሳይጠራ ሰው ግቢ የገባ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ የባለ ግቢው ነው!

[ሽማግሌዎቹ «አዎን» ይላሉ። ከሁሉም የኮሊኔ ድምፅ ይጎላል። ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታ።]

ማቱረን፦ [በሹክሹክታ] ተበላህ!

ኮሊኔ፦ ተበላሁ። ነጯ አሳማህ ደህና ናት?

ማቱረን፦ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ምነው?

ኮሊኔ፦ ወልዳለች እኮ። ጠዋት አጥሩን ደርምሳ ግቢዬ ገብታ፣ ከእናቴ ዛፍ ሥር ልጆቿን ደርድራ እያጠባች ነው። ልነግርህ ነበር የመጣሁት፤ ሕግ ስታስተምረኝ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።

ማቱረን፦ አሳማዬን! ኮሊኔ፣ ወንድሜ! ልማዱን ታውቅ የለ? ከብት ለባለቤቱ ይመለሳል! እኔም በልጅነቴ ለዚሁ በጥፊ ተመትቻለሁ!

ኮሊኔ፦ ጥፊ ቀረ አላልከኝም?

ማቱረን፦ ፖምህን በሙሉ ውሰድ!

ኮሊኔ፦ ፖሙማ ያንተ ነው፤ ተጽፏል። [ጉንጩን እየዳበሰ ይነሳል] በል ልሂድ፣ አጥሩን ልድፈነው። አሳማዎቼ ሳይጠሩ ግቢህ ይገቡብኛል።