እማማ አባቴ-ያውቃል የከፈቱት ቧንቧ

ፎቅ ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ጣሪያው ቢደረመስ «ተመስገን፣ ቤቱ ነፋሻ ሆነ» የሚል፤ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር «ጌታ እረፍት ሊሰጠኝ ፈልጎ ነው» የሚል፤ መብራት ሲጠፋ ሌላው ሲራገም እሱ ጨለማው ውስጥ መዝሙር የሚጀምር ሰው። ይህ ሰው በምንም አይደነግጥም። ስለማይደነግጥም የሚያንጠባጥብ ነገር በጊዜው አያስጠግንም። ኋላ መሬት ላይ ተንጋሎ የሚያስተካክልለት ግን ሌላ ሰው ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው ያ ሌላ ሰው ነበር።

የሙያ ጓደኞቹ «ባለሶፍት» ይሉታል። ሌላው ሙያተኛ መጋጠሚያውን አጥብቆ፣ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ዕቃውን ይሰበስባል። እሱ ግን ከኪሱ ሶፍት ያወጣና መጋጠሚያው ላይ ይጠቀልላል፤ ውሃውን ይለቅና ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ይነሳል። ከረጠበ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ጣት ይዋሻል፣ ዓይንም ይዋሻል፣ ሶፍት ግን አይዋሽም ባይ ነው። እግዚአብሔርን አያምንም እንዳይባል፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር አይጠፋም፤ የግቢውን ቧንቧም የሚያድሰው እሱ ነው። ነገር ግን ለእግዚአብሔር የሚተወው ሙያተኛ የማይገኝለትን ጉዳይ ብቻ ነው። መፍቻ እያለ ጌታን ማስቸገር ለእሱ ነውር ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰው ራስ ላይ፣ ልክ ከጣሪያው በላይ ባለው ፎቅ፣ ክብርት እማማ አባቴ-ያውቃል ይኖራሉ።

የወጣላቸው ስም ይህ አይደለም፤ ግን ሕንፃው በሙሉ በዚህ ይጠራቸዋል፣ እሳቸውም «አቤት» ይላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ለምንም ነገር መልሳቸው አንድ ነው፦ «አባቴ ያውቃል።» አባታቸው ማለት እግዚአብሔር ነው። ውሃ ሲጠፋ አባቴ ያውቃል። አውቶቡስ ጥሏቸው ሲሄድ አባቴ ያውቃል። ቀጥሎ የመጣው አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲበላሽም አባቴ ያውቃል።

«እማማ፣ የመጀመሪያው ጥሎዎት የሄደው ለበጎ ነው ብለዋል» አላቸው አንድ ቀን ቧንቧ ሠራተኛው፣ በእግራቸው ሲመጡ መንገድ ላይ አግኝቷቸው። «ሁለተኛው የተበላሸውም ለበጎ ነው ብለዋል። ታዲያ ለክፉ የሚሆነው የትኛው አውቶቡስ ነው?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩትም ልጄ። ይልቅ ይቺን ዘንቢል ያዝልኝ። አየህ፣ የሚያግዘኝ አዘጋጅቶ ነበር!»

ዘንቢሉን ይዞ ደረጃውን የወጣው እሱ ነው።

ሚስቱ ሳትታመም በፊት ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ሚስቱ ደረጃው መሃል ላይ ቆማ ግድግዳውን መያዝ ስትጀምር፣ ሐኪሞቹ የልቧ ቫልቭ ጠቧልና መቀየር አለበት ሲሉ፣ ከዚያ ወዲህ «አባቴ ያውቃል» የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር ጥርሱን መንከስ ጀመረ። ለነገሩ ቂሙ ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው።

መጀመሪያ የማጠቢያቸው ነገር ነበር። ከላይኛው ፎቅ ሥራ ተጠርቶ የዕቃ ሳጥኑን እንደተሸከመ ደረጃውን ሲወርድ፣ እማማ በራቸውን ከፍተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ላክልኝ! አልኩት፣ ላክልኝ!»

«ማንን ነው የላከልዎ?»

«አንተን ነዋ! ማጠቢያዬ ሲያንጠባጥብ ሰንብቷል። ባልዲ አድርጌበት ስጸልይ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ ከስር ነው የምኖረው። ወለሉን አንዴ በእግርዎ መታ ቢያደርጉት እሰማ ነበር። አሁንም የላከኝ ጌታ አይደለም፤ የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ደውሎ ነው የጠራኝ።»

«እሱንስ ማን አስደወለው?»

ከዚህ ክርክር መውጫ በር የለም። ቧንቧ ሠራተኛው ማጠቢያው ስር ገባ። ጥርሱ የተበላ መጋጠሚያ አገኘ፤ ቀየረው። ዝገት የተቀላቀለ ውሃ በእጅጌው ገብቶ ብብቱ ድረስ ሄደ። ይህን ጊዜ እማማ ከበላዩ ቆመው ምስጋና ያዘንባሉ። «ተመስገን አባቴ! መቼ ጥለኸኝ ታውቃለህ! እጅህ ረጅም ነው!»

ራሱን ከማጠቢያው ስር አወጣ። «እማማ፣ ረጅሙ እጅ የኔ ነው። እስከ ትከሻዬ ገብቷል።»

«አትቆጣ ልጄ። ሙያ ያለበትን ልፋት ያውቅልሃል፤ የሱም ልጅ እኮ አናጢ ነበር።»

መፍቻውን ጨብጦ ተመልሶ ገባ።

ደግሞ ሳይውል ሳያድር ተጠራ። «እየፈሰሰ ነው ልጄ፤ ያጠበቅከው ቦታ ረጥቧል።» ይህ ለእሱ ስድብ ነው። ሮጦ ወጥቶ ተንጋለለ፤ መጋጠሚያውን አደረቀና ሶፍት ጠቀለለበት። ከዚያ እየተነጫነጨ የሙያ ትምህርት ሰጣቸው። «ይሄ ፍሳሽ አይደለም፣ ላብ ነው። ቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ ተሸክሟል፣ ክፍልዎ ደግሞ በእንፋሎት ታፍኗል፤ ስለዚህ ያልበዋል። ከውስጥ የወጣ ጠብታ የለም። ጀማሪ ሙያተኛ ይሄን ሲያይ ይደነግጥና ደህናውን መጋጠሚያ ፈትቶ ያበላሻል። ገባዎት?»

«ያልበዋል» አሉ እማማ እየተደነቁ። «እንደኛ!» ይህንንም አመሰገኑበት።

ትልቁ በደል ግን የተከፈተው ቧንቧ ነው።

ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር። በሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ፣ ጀሪካኑን ደርድሮ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። እማማ ግን ቧንቧቸውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ከስሩ ድስት አስቀመጡ። ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስለረሱት አይደለም! ኋላ ሲጠየቁ ያሉት ይህን ነው፦ «ይመጣል ብዬ ለምኜ፣ ዘግቼው ልሂድ? ያ ታዲያ ምኑን ማመን ሆነ?»

ውሃው መጣ። ድስቱ ሞላ፤ ማጠቢያው ሞላ፤ የማጠቢያው መውረጃ በሳህን ተደፍኖ ነበርና ወለሉም ሞላ። ቀጥሎ የቧንቧ ሠራተኛው ጣሪያ ሆዱን ነፋና በአልጋው ላይ ተዘረገፈ። የሰው ሁሉ ቤት እንዳይረጥብ ሲታገል የሚውል ሰው፣ ፍራሹን መስኮት ላይ ሲያሰጣ መንገደኛው ሁሉ አየው።

እማማ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ጠበቃቸው። ድምፁ ሕንፃውን በሙሉ ከበር አወጣ።

«እማማ! እርስዎ ያምናሉ፣ እኔ እረጥባለሁ! እምነትዎ በእኔ ጣሪያ ነው የሚያልፈው? እግዚአብሔር ቧንቧውን የሚዘጋበት እጅ አልሰጠዎትም?»

እማማ ጣሪያውን አዩ፤ ፍራሹን አዩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አጥፍቻለሁ ልጄ» አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በቤተ ክርስቲያን ልብሳቸው እንደተንበረከኩ የእሱን ቤት ወለል ከዳር እስከ ዳር ወለወሉት። ሚስቱ ልትከለክላቸው ብትነሳ በክርናቸው ገፋ አድርገው አስቀመጧት። ሲጨርሱ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቁና፣ ማፈር እየሞከሩ ሳይሳካላቸው፣ «ውሃው ግን መጣ እኮ!» አሉ።

ሚስቱ ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሽ አጥሯት ወንበር ያዘች። ቧንቧ ሠራተኛው ሳቁን ውጦ ቁጣውን እንደያዘ የቀረው ትንፋሿ ሲያጥር ስላየ ነው።

ከዚያ ወዲህ እማማ በየቀኑ እየወረዱ ከሚስቱ ጋር ይጸልያሉ። እሱ ያኔ መፍቻዎቹን የማጽዳት ሥራ ይመጣበታል፤ ብረቶቹንም ከወትሮው አጥብቆ ያንኳኳቸዋል። «ትድኛለሽ እያሉ ተስፋ ባይመግቡሽ ምናለበት» አላት አንድ ቀን።

«ትድኛለሽ ብለውኝ አያውቁም» አለች ሚስቱ። «ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነው የሚነግሩኝ። አንተ ደግሞ በብረት ታንኳኳለህ።»

ቀዶ ጥገናው የተቀጠረበት ጠዋት ደረሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ሆስፒታል ውስጥ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ፣ አንድ ወጣት ሐኪም አስቁሞ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ አዲሱ ቫልቭ ከገባ በኋላ እንደማያፈስ በምን ታረጋግጣላችሁ?»

«ደም አሳልፈን በመሣሪያ እናየዋለን» አለ ሐኪሙ። ጥያቄው ደስ ብሎት ነበር።

«ጥሩ። ከዚያስ ትነሳለች?»

«እኛ የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን። የቀረውን እንግዲህ... እሱ ያውቃል።» ሐኪሙ ወደ ላይ አመለከተና በሩን ዘግቶ ገባ።

ቧንቧ ሠራተኛው ኮሪደሩ ላይ ፈዝዞ ቀረ። ሐኪሙም! ይህን ሁሉ ዓመት የተማረ ሐኪም፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ እንደ እማማ ይመልሳል! የሚይዘው መጋጠሚያ አልነበረም፤ የሚጠቀልለው ሶፍት ኪሱ ውስጥ አለ፣ የሚጠቀለልበት ነገር ግን ከበሩ ወዲያ ነው። እጁን አያስገቡለትም።

ዞር ሲል እማማ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መቼ እንደመጡ አላየም። አጠገባቸው ፔርሙዝ አለ።

«እንዳይሏት» አላቸው ጣቱን ቀስሮ። «ዛሬ ያቺን ቃል እንዳይሏት።»

«ምንም አላልኩም ልጄ።»

«ሊሉ ነበር። ባትወጣስ? እዚያ ውስጥ ብትቀርስ ማን ነው የሚያውቀው? ይሄም ለበጎ ነው ይሉኛል?»

እማማ ፔርሙዙን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። በሩን ያያሉ። «ባለቤቴ በዚህ በር ነው የገባ» አሉ በመጨረሻ። «አልወጣም።»

ባላቸው መሞታቸውን ያውቃል፤ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። የት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። የተቀሰረው ጣቱ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ታዲያ ያን ቀን ምን አሉ?»

«ለበጎ ነው አላልኩም። ምን ብዬ? ተኮራረፍን።»

«ከማን ጋር?»

«ከአባቴ ጋር ነዋ። ብዙ ጊዜ አላናገርኩትም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። እሱ ግን ወጥቶ አልሄደም። እኔ ባኮርፍ፣ እሱ ቁጭ። እኔ ብሰድበው፣ እሱ ቁጭ። ኋላ ሰለቸኝና ‹ሻይ ላፍላ እንግዴህ› አልኩት።» እማማ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «አውቶቡሱን ለበጎ ነው የምለው ልምምድ ነው ልጄ። በትንሹ ያልያዝኩትን እጅ በትልቁ ከየት አገኘዋለሁ?»

ቧንቧ ሠራተኛው ከአጠገባቸው ተቀመጠ። ያኔ ነው ያየው። የእማማ ጉንጭ ርሷል፤ የነጠላቸው ጫፍ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መስሏል። በምንም አይደነግጡም የተባሉት ሴት ፈርተው ነበር፤ ያውም ከእሱ እኩል። ፈርተውም በዚያው በር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

ከኪሱ ሶፍቱን አውጥቶ ሰጣቸው። ፊታቸውን ጠረጉ፤ ሶፍቱ ወዲያው ረጠበ። ሁለቱም አዩት።

«ይሄ ፍሳሽ እንዳይመስልህ» አሉት እማማ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ላብ ነው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ። መጋጠሚያው ደህና ነው።»

እሱም ሶፍቱን ከእጃቸው ተቀብሎ ለራሱ ቀደደ።

ሚስቱ ወጣች። ቫልቩ እንደማያፈስ ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ነገረው፤ እሱም ሁለቴ አስደገመው። ቤት ገብታ፣ ቀስ በቀስ ደረጃውን ግድግዳ ሳትይዝ መውጣት ስትጀምር፣ ቧንቧ ሠራተኛው የዕቃ ሳጥኑን አንስቶ፣ ማንም ሳይጠራው፣ የእማማን በር አንኳኳ።

«ምን ተበላሸ?» አሉ እማማ።

«ምንም አልተበላሸም። ወዲያ ይበሉልኝ።»

ማጠቢያው ስር ተንጋለለ። እየተነጫነጨ ከማጠቢያው አፍ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ መውረጃ በሳለት፤ ቱቦ አጋጠመ፤ ከግድግዳው መውረጃ ጋር አገናኘው። ሶፍት ጠቀለለ፤ ማጠቢያውን በሳህን ደፍኖ ውሃውን ለቀቀበት፤ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ውሃው አዲሱ ቀዳዳ ጋ ሲደርስ እየተንዶቀዶቀ ወረደ። ሶፍቱ ደረቅ ነበር።

«ይኸውልዎት» አለ። «ከእንግዲህ ውሃ ሲጠፋ እንደፈለጉ ከፍተው ይሂዱ። እስኪበቃዎ ይመኑ። ጣሪያዬን ግን አይንኩብኝ።»

እማማ አዲሱን መውረጃ አዩ። እሱን አዩ። ከዚያ እንደተለመደው እሱን አልፈው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ተመስገን አባቴ! እጅህ ረጅም ነው!»

ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን ሊያነሳ ተመልሶ ማጠቢያው ስር ጎንበስ ብሎ ነበር። የዝገት ውሃ አሁንም በእጅጌው እየገባ ነው። ከዚያ ከስር የተቆጣ፣ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«አሜን!»