ጋሽ ባፈና እና የአቶ ከፈለኝ ቆጣሪ

በየከተማው ቁጥርን በሰላም የማያሳልፍ አንድ ሰው አይታጣም። ለእኛ ለቦንጋ ሰዎች የደረሱን የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ባፈና ናቸው።

ክቡርነታቸው አንድ ቁጥር ዓይናቸው ከገባ «እስቲ ይፈተሽ!» ይላሉ። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ካጡ፣ ቁጥሩ «ብቸኛ» ነውና ባርኔጣቸውን ያነሱለታል። ካገኙ ደግሞ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ደስ ይላቸዋል። ባጃጅ ቦንጋ በገባ ሰሞን «ታርጋው ብቸኛ ካልሆነ አልሳፈርም» ብለው፣ በዚያ በማያባራ ዝናብ ከገበያ እስከ ትምህርት ቤት በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ ሟች በዘጠና አንድ ዓመታቸው ማረፋቸው ሲነገር ጋሽ ባፈና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ዘጠና አንድ! ብቸኛ ይመስላል እኮ፤ ግን ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት ነው» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ ባልቴት ጥቅስ መስሏቸው «አሜን» አሉ።

እንግዲህ ላገባት የምፈልጋትን ላቀችን እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ስልክ፣ ጋሽ ባፈና ጎረቤቴ ናቸውና እሳቸውን መተው ነውር ሆነብኝ። አባቷ አቶ ከፈለኝ ሁለት ጊዜ «ዘመድ ላማክር» ብለው መልሰዋቸዋል። አንድ የጅማ ነጋዴም ልጅቷን እንደሚፈልግ ይወራል። ሦስተኛው መልስ የመጨረሻው ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ቤቴ ተቀምጬ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

የሆነውን የነገሩኝ አብረው የሄዱት ጋሽ ሣህሌ ናቸው። አቶ ከፈለኝ ብዙም ሳይቆዩ «ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ» አሉ። በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ጠጅ ሳይቀምሱ ብድግ አሉ። ጋሽ ባፈና ግን ንቅንቅ አላሉም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ቆጣሪ ላይ ተተክሏል። ቁጥሩ 4370151 ነው።

«ጋሽ ባፈና፣ እንነሳ እንጂ!» አሉ ጋሽ ሣህሌ።

«ቆይ፤ ይፈተሽ። ሰባት... እምቢ አለ። አሥራ አንድ... እምቢ። አሥራ ሦስት...»

ጋሽ ሣህሌ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» አሉ በልባቸው። ሽማግሌ አልነሳም ካለ እምቢታውን አልተቀበለም ማለት ነው፤ ቁጭ ያለን ሽማግሌ ደግሞ ማን ገፍቶ ያስወጣል? ዝናቡ መጣ፤ መሸ፤ መብራት በራ። የጋሽ ባፈና ከንፈር ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም። አቶ ከፈለኝ ጸሎት መሰላቸው። ቢቸግራቸው ጊዜ፣

«እንዲህ የሚለመንለት ልጅ ክፉ አይሆንም። በሉ፣ ሰጥቻለሁ!» አሉ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ባፈናን ልተርባቸው ፈለግሁ። «ያ ቁጥር በስተመጨረሻ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ?» አልኳቸው።

«የምን ብቸኛ! አኃዞቹን ብትደምራቸው ሃያ አንድ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ለሦስት ይካፈላል። ገና ስቀመጥ ነው የጨረስኩት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ሲያካፍሉ ነበር?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

«ብነሳ ኖሮ እኮ ላቀችን ታጣት ነበር» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።