አምቡላንስ የሚሳፈሩ ጤነኞች

ጤነኛ ሰው አምቡላንስ ቢሳፈር ነውር ነው? እኔ ነውር ነው ባይ ነበርኩ። ይህንንም የምለው እዚያው አምቡላንስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

መቼም ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን እዚያ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቢሮው በዛ፣ ወንበሩ በዛ፣ ስብሰባውማ አይነሳ። መኪናው ግን ያው ነው። በእኛ በኩል፣ ከአቦቦ እስከ ጋምቤላ ከተማ፣ ሰው ሲጨንቀው የሚጠራት አንዲት አምቡላንስ ብቻ ነበረች። ታዲያ ሰውን የሚያስጨንቀው በሽታ ብቻ ነው እንዴ? አውቶቡስ የለም፤ ገበሬው በቆሎውን ይዞ አምቡላንስ ይጠብቃል። ፖሊስ መኪና የለውም፤ እስረኛውን ይዞ አምቡላንስ ይጠብቃል። ባሏ ያባረራት፣ ለቅሶ የሰማ፣ ስብሰባ የተጠራ መምህር (እኔን ማለቴ ነው)፣ ሁሉም መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያወጣል። ሹፌሩ ጋሽ በቀለ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይቆማል። ነርሷ ሲስተር ዘነበች ደግሞ፣ "ይቺ መኪና የሕመምተኛ ናት ወይስ የአገር?" እያለች ትነጫነጫለች። መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው የሚመልስላት የለም።

አንድ የክረምት ቀን ረፋዱ ላይ ከአቦቦ ተነሳን። ፍራሹ ላይ አሪየት የምትባል ወጣት የአኝዋ ሴት ተኝታለች። እናቷ እጇን ይዛለች። ምጥ ከያዛት ቆይቷል፣ ልጁ በጎን መጥቷል፣ ደም ይፈሳታል። ሲስተር ዘነበች እንደነገረችን፣ ጋምቤላ ደርሳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች እናትም ልጅም አይተርፉም።

እኛስ? እኛ ከእግሯ ሥር ተጠቅጥቀናል። ከወሎ በሰፈራ የመጡት አቶ ሰይድ ከጎረምሳ ልጆቻቸውና ከበቆሎ ጆንያዎቻቸው ጋር አሉ። ኦኬሎ የሚባል ግዙፍ ሰው እጁ በረጅም ገመድ ታስሮ ከፖሊሱ ጎን ተቀምጧል። ጥፋቱ? አረቄ ቤት ውስጥ ተጣልቶ ቻም የሚባል ጎረቤቱን መንጋጋውን ሰብሮታል። ቻምስ የት አለ? ከፊት ለፊቱ ነዋ! መንጋጋው በነጠላ ተጠቅልሎ። ደብዳቢና ተደብዳቢ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይሄዳሉ። ሌላ መኪና ከየት ይምጣ?

ሲስተር ዘነበች ዞር ብላ አየችንና፣ "ከቻም በቀር አንድ የታመመ የለም! ይቺን ልጅ የምትገድሏት እናንተ ናችሁ!" አለች። እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። አልወረድኩም እንጂ።

ግማሽ መንገድ ላይ አምቡላንሷ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ገብታ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ጎማው ዞረ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ጋሽ በቀለ መሪውን ለቀቀ። ዝናቡ ይወርዳል። ሳሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። አሪየት ታቃስታለች።

ወረድን። ፖሊሱ እሷንም ማውረድ ይሻላል አለ።

"ንክች እንዳታደርጓት! ደሙ ይብስባታል" አለች ሲስተር።

እንግዲህ መኪናዋን ከነአሪየት ማውጣት ነው። የሚጎተትበት ገመድ ደግሞ ያለው ኦኬሎ እጅ ላይ ብቻ። ፖሊሱ ገመዱን አየ፣ ጫካውን አየ፣ ኦኬሎን አየ። "ምናልባት ብትሮጥ..." ብሎ ጀመረ።

ኦኬሎ አላስጨረሰውም። "ሴትዮ ትሞታለች፣ አንተ ወሬ ታወራለህ? ፍታ!"

ተፈታ። ገመዱ ከመኪናዋ ፊት ታሰረ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? አቶ ሰይድ በቆሏቸውን ከነጆንያው ጎማው ሥር ወረወሩት፤ አንዴም ዞረው አላዩትም። ልጆቻቸው፣ ፖሊሱና ጋሽ በቀለ ገመዱን ያዙ። መሪውን ሲስተር ዘነበች ጨበጠች። ኦኬሎ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ትከሻውን ከመኪናዋ በታች አስገባ። ከጎኑ ማን ቆመ? ቻም! አፉን መክፈት ስለማይችል በዓይኑ ብቻ "በል እንጂ" አለው። ኦኬሎ በቋንቋው አዜመ። የአሪየት እናት ከውስጥ ተቀበለችው። አንዲት ቃል የማያውቁት የወሎ ጎረምሶችም ተቀበሉ። መኪናዋ ሁለት ነፍስ እንደያዘች ብድግ አለች። ብድግ አለች ስላችሁ ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ በጎማውና በጭቃው መካከል ብርሃን አይቻለሁ። እኔም ገፍቻለሁ፤ ከጠመኔ የከበደ ነገር ለማያነሳ ሰው የሚቻለውን ያህል።

ደረቅ መሬት ስንደርስ ፖሊሱ እስረኛው ትዝ አለው። ደንግጦ ወደ ሳሩ ሮጠ። ኦኬሎ መኪናው ውስጥ ቦታውን ይዞ፣ "አንተ! ልትቀር ነው እንዴ?" ብሎ ጠራው።

አሪየት ጋምቤላ ደርሳ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ተረፉ።

ብዙም ሳይቆይ የሚመለከተው ቢሮ ተሰበሰበና አምቡላንሷ ከሕመምተኛ በቀር ማንንም እንዳትጭን ወሰነ። ተገቢ ውሳኔ ነው። አጥብቃ የምታስከብረውም ሲስተር ዘነበች ናት። ክረምት ሲገባ በሩ ላይ ትቆምና፣ "ዛሬ የታመመ ማነው?" ትላለች። የአቦቦ ጎረምሳ ሁሉ እጁን ያወጣል። እሷም ትከሻ ትከሻቸውን እያየች ትመርጣለች፤ "አንተ በጣም ታመሃል፣ ግባ። አንተም ብሶብሃል፣ ግባ።"

እኔ ጠጋ ስል ግን ከላይ እስከ ታች ታየኝና፣ "መምህር፣ እርስዎ ፍጹም ጤነኛ ነዎት" ትለኛለች።