የተቆላ አሸዋ

አይጥ የሚጠየፍ ሰው ውለታ የሌለበት ሰው ነው። አትቆጡ፤ እኔም እንደ እናንተ አይጥ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሴት ነበርኩ። ከወንበሩ ያወረደኝ ውለታ ነው።

ዘመኑ የደርግ፣ አገሩ ሚዛን ተፈሪ ነው። ልጄ ትርሲት በወባ ተይዛ ሦስት ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ቀረች። ጎረቤቱ ነጠላውን ሊያዘቀዝቅ ምንም አልቀረውም። በሆስፒታሉ የምትሠራ አንዲት የውጭ አገር ዶክተር ወንበር ስባ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ ልጄ “ራበኝ” እስክትል ድረስም አልተነሣችም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት። እንቁላል ወሰድኩላት፣ መለሰችው። ማር ወሰድኩላት፣ እሱንም መለሰችው። ውለታው ደረቴ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተቀመጠ።

ከሁለት ወር በኋላ ዶክተሯ ራሷ በራችንን አንኳኳች። በእጇ በጨርቅ የተሸፈነ የሽቦ ቤት ይዛለች። ለሥራ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ትቆያለች፤ የልጇን ሃምስተሮች የሚጠብቅላት ታማኝ ሰው ትፈልጋለች። ጨርቁን ገለጥ አደረገችው... ሁለት አይጦች!

“ደስ ይለኛል” አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያ ዓመት የዋሸሁት ይህችን ብቻ ነው።

ሃምስተርን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አይጥ ነው፤ ግን ጭራው የለም የሚባል ያህል አጭር ነው፤ ጉንጩ ደግሞ ከረጢት ነው። እህል ስትሰጡት አይበላም፤ ጉንጩ ውስጥ ይከትና ወስዶ ይደብቃል። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ዳማ ነበር። የትኛው ወንድ የትኛዋ ሴት እንደሆነች የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የእንግዳ ገመና አይጠየቅም።

ድመታችንን ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቄ ሰጠናት። አስተማሪው ባለቤቴ ድመቷ ስትወጣ በዓይኑ ሸኝቷት፣ “ሰው አይጥ ለማጥፋት ድመት ያሳድጋል። እኛ አይጥ ለማሳደግ ድመት አባረርን” አለና ወደ ደብተሮቹ ተመለሰ።

ዶክተሯ አንዲት ነርስ በአማርኛ የጻፈችላትን ወረቀት ትታልኝ ነበር። በውሃ አይታጠቡም ይላል። ደረቅ አሸዋ በሳህን ይቀመጥላቸው፤ እሱ ላይ እየተንከባለሉ ገላቸውን ያጸዳሉ። የሚተኙበት ጉዝጓዝ ወፍራምና ደረቅ ይሁን። ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቃል አለ፦ እርጥበት ይገድላቸዋል።

ሚዛንን ታውቋት ይሆን? የእኔ ስም ዘነበች ነው፤ እዚያ አገር በዚህ ስም የሚደነቅ የለም። ጠዋት ይዘንባል፤ ከሰዓት በኋላ የጠዋቱን ያሟላል። ያኔ ሚዛን ላይ ደረቅ ነገር ቢኖር የስብሰባ ንግግር ብቻ ነበር።

ሁለቱን ሳምንት ዶክተሯ በተወችልኝ አንድ ጣሳ አሸዋና በአንድ ከረጢት የእንጨት ፍቅፋቂ በሰላም ተወጣነው። ከዚያ መንገዱ በጭቃ ተዘጋ። ዶክተሯ እስኪከፈት እንደማትመጣ ሆስፒታሉ ላከብኝ። ፍቅፋቂው አለቀ።

እኔም የሚዛን ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ የቡና ገለባ ጎዘጎዝኩላቸው። ገለባ ለማገዶም ለጓሮም ይሆናል፤ ለአይጥ የማይሆንበትን ምክንያት አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ዳማዋ ማስነጠስ ጀመረች። አይጥ ሲያስነጥስ ሰምታችኋል? በጣም ትንሽ ድምፅ ናት፤ ግን ያስነጠሰው ልጄን በሕይወት የመለሰችልኝ ሴት አደራ ሲሆን እንደ ነጎድጓድ ትሰማለች።

የደረሰችልኝ ማርታ ናት። ማርታ የዚያው አገር ተወላጅ፣ የቤንች ልጅ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። ወረቀቱን አነበብኩላት። ሄዳ ከምድጃቸው በላይ ካለው ቆጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል አወረደችና በጥፍሯ እየሰነጠቀች እንደ ጥጥ አለሰለሰችው።

“እኛ ልጅ ሆነን በዚህ ላይ ነው የተኛነው” አለች።

“ተመቻችሁ?”

“አላስነጠስንም።”

ጉዝጓዙ በዚህ ተፈታ። አሸዋው ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ጣራችን ከስንትና ስንት ቦታ መርጦ በትክክል የአሸዋው ጣሳ ላይ አፈሰሰ። ነጩ ሊታጠብ ገብቶ ጭቃ ተለቅልቆ ወጣ።

አሸዋ ያለው ቀበሌ ነበር፤ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ግንባታ የተከመረ። ለመውሰድ ማመልከቻ ያስፈልጋል። በማመልከቻ መዋሸት ደግሞ በጽሑፍ መዋሸት ነውና እውነቱን ጻፍኩ፦ “ለሁለት አይጦች ገላ መታጠቢያ የሚሆን አንድ ጣሳ አሸዋ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።”

ሊቀመንበሩ አነበበ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንደገና አነበበ።

“እትዬ ዘነበች፣ ይህ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይገባል። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ይህን አንብቦ ስለ እኔ ምን ይላል?”

ስለ ዶክተሯና ስለ ትርሲት ነገርኩት። ከዚያ ለቤት ጥገና ብዬ እንድጽፍ መከረኝ።

“መዋሸት አልችልም፤ ንስሐ አባቴ አሉብኝ።”

“አይጦቹ ቤት የላቸውም?”

“የሽቦ ቤት አላቸው።”

“አሸዋው የሚገባው እዚያ ውስጥ አይደል?”

“አዎ።”

“እንግዲያውስ የቤት ጥገና ነው” አለና ማህተሙን መታ።

አሸዋው ተፈቀደ፤ ግን ርጥብ ነው። ፀሐይ ብጠብቅ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን... የለችም። በአራተኛው ቀን ቡና መቁያዬን አውርጄ እሳት ላይ ጣድኩና አሸዋውን ልቆላው ጀመርኩ።

ጥፋቴ በሩን አለመዝጋቴ ነው። በእኛ መንደር መቁያ ሲንሿሿ የሚጠራ ሰው አያስፈልግም፤ ድምፁ ራሱ ጥሪ ነው። መጀመሪያ ማርታ ገባች። ቀጥላ እትዬ ወርቄ ድመታችንን ታቅፋ ገባች። ድመቷን ውጭ ትተው ወንበር ያዙ። ምን ልበል? የመጣ ሰው ሂድ አይባል። ጀርባዬን ሰጥቼ መቁላቴን ቀጠልኩ። የኑሮውን አወሩ፣ የመንገዱን አወሩ። ማርታ አንድ ሁለቴ አየሩን አሸተተች።

“ሽታ የለውም” አለች።

“ያልበሰለ ተለቅሞ ይሆናላ” አለች እትዬ ወርቄ። “ዘንድሮ ምን ሽታ ያለው ነገር አለ?”

አሸዋው ደረቀ። መቁያውን አንሥቼ ወደ ጓዳ ሳልፍ እትዬ ወርቄ እንደ ልማዳችን ለማሽተት የቀረበላት መስሏት ብድግ አለች። ዓይኗን ጨፍና በሁለት እጇ እንፋሎቱን ወደ ፊቷ ሳብ ሳብ አደረገችና መረቀችኝ፦

“ቤትሽ አይጉደል። ያሰብሽው ይሳካ።”

“አሜን” አልኩ ከልቤ፤ ያሰብኩት አይጦቹን ነበርና።

ዓይኗን ገለጠች። አሸዋውን አየች። እኔን አየች።

“ዘነበች፣ ይህ ምንድን ነው?”

“አሸዋ ነው፣ እትዬ ወርቄ። የአይጦቹ ነው።”

ማርታ ከወንበሯ ወረደች፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እትዬ ወርቄ ግን ለአይጥ በተቆላበት መቁያ የተቆላ ቡና በሕይወት ዘመኗ እንደማትቀምስ አስታወቀች። ሃያ ዓመት የዘለቀ ቡናችን በአንድ ጣሳ አሸዋ ሊፈርስ ሆነ።

“ድስትሽን በምንድን ነው የምትፈገፍጊው?” አለቻት ማርታ እንባዋን እየጠረገች።

“በአሸዋ።”

“ታዲያ መቁያው ከዛሬ የበለጠ መቼ ጸድቶ ያውቃል?”

እትዬ ወርቄ አሰበች። ተመልሳ ተቀመጠች። በዚያው መቁያ እውነተኛ ቡና ቆላሁ፤ ሦስተኛውን ሳትጠጣም አልሄደችም።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። ነጩ በተቆላው አሸዋ ላይ ሲንከባለል ዳማዋ ጠፋች። የእንሰቱን ቅጠል ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሰብስባ ከሥሩ ገባችና አልወጣችም። ጠራኋት፣ የሱፍ ፍሬ አሳየኋት... ምንም። ገልጬ እንዳላይ ሞታ ባገኛትስ? የመንገዱን መከፈት የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ዶክተሯ በማግስቱ ትገባለች አሉ። ለአይጥ ይጸለይ እንደሆነ ንስሐ አባቴን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ጸለይኩ። “ጌታዬ፣ እሷ የእኔን በሕይወት መልሳልኛለች፤ የእሷን ሬሳ አድርጌ እንዳስረክብ አታድርገኝ” አልኩ።

ዶክተሯ ልጇን ይዛ መጣች። ቡና ላፍላ ብል አይሆንም፣ መጀመሪያ ሃምስተሮቹ። ዳማዋን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እንዳላየኋት ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ።

ዳማዋ ተኝታለች። ከሆዷ ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ቀላ ያሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ስድስት ልጆች!

“እርጥበት ቢነካቸው አንድም አይተርፍም ነበር” አለች ዶክተሯ። “አንቺ ነሽ ያተረፍሻቸው።”

አለቀስኩ። ለአይጥ ነው ያለቀስኩት፤ አልክድም። የወፍጮው ድንጋይ ከደረቴ ተነሣ።

የተነሣ መስሎኝ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ዶክተሯ ተመልሳ መጣች፤ ያደጉትን ስድስቱንም በአዲስ የሽቦ ቤት ይዛ። የትርሲት ስጦታ ናቸው። እንቁላሌንና ማሬን የመለሰች ሴት የእኔን “አይሆንም” ልትሰማ አልቻለችም። ኖኅ ሁለት ሁለት አድርጎ እንዳስገባ መጽሐፍ ይናገራል፤ ከዚያ ሁሉ ዝናብ በኋላ ስንት አይጥ ይዞ እንደወጣ ግን አልተጻፈም። እኔ የገባኝ ቁጥሩ እሱን የመሰለ ሰው እንኳ ሊናገረው የሚያፍርበት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን ተቀብሎ አነበበ፦ ሦስት ጣሳ አሸዋ፣ ለቤት ጥገና። ብዕሩን አነሣ፤ “ጥገና” የሚለውን ሰረዘና ወረቀቱን መለሰልኝ።

“እትዬ ዘነበች፣ የምንዋሽ ሰዎች አይደለንም” አለኝ። “ይህኛው ‘ለቤት ማስፋፊያ’ ተብሎ ይጻፍ።”