አቶ ይደገም እና ቢጫው ሰፍነግ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚቆም አንድ ሰው አይታጣም። የባሕር እንስሳት በሚመረመሩበት በዚያ ቤተ ሙከራ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ይደገም ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰው የሚጠራቸው ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል ነው።

በር ቆልፈው ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ተመልሰው እጀታውን ይነቀንቃሉ። «እንደምን አደሩ» ሲሏቸው መጀመሪያ መንጋቱን በመስኮት ያረጋግጣሉ። በሠርጋቸው ዕለት እሺታቸውን ቢጠየቁ «ጥያቄው ይደገም» አሉ ይባላል፤ ባለቤታቸውም ወሬውን አላስተባበሉም።

ፍዳውን የምታየው አብራቸው የምትሠራው ወጣት ኬሚስት ነበረች። ጠላቂዎች ከባሕር ወለል የሚያመጡትን ሰፍነግ የተባለ እንስሳ ትፈጫለች፤ ጭማቂውን በካንሰር ሴሎች ላይ ታንጠባጥባለች፤ ትጠብቃለች። እንግዳ መጥቶ ሰፍነግ ደግሞ ምን ይፈይዳል ካለ ግን አቶ ይደገም ቃል አይሰስቱም።

«እግር የለው አይሸሽ፣ ጥርስ የለው አይናከስ። ታዲያ ዓሣው ሁሉ ለምን አልጨረሰውም? አንድ የደበቀው መርዝ ቢኖር ነው እንጂ።»

ያ መርዝ ካንሰርንም ይገድል እንደሆነ ለማወቅ ነው የሚመረምሩት።

አምና የአንድ ግራጫ ሰፍነግ ጭማቂ ሴሎቹን ሙልጭ አድርጎ ፈጀ። ቤቱ በደስታ ተናወጠ፤ ኃላፊው ለጋዜጠኞች ሊደውል ስልክ አነሣ። አቶ ይደገም በማይክሮስኮፑ አጎንብሰው አዩና «ጨውስ?» አሉ። ልጅቷ ጨዉን አጥባ ደገመችው። ሴሎቹ ሠርግ የተጠሩ ይመስል ደምቀው ተባዙ። ገዳዩ የባሕሩ ጨው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አኮረፈቻቸው!

ዘንድሮ ኃላፊው ቁርጡን ተናገረ፤ አንድ የረባ ነገር ካልተገኘ ምርምሩ ይዘጋል። የቀረው ቢጫ ሰፍነግ ብቻ ነበር። ልጅቷ ውጤቱን ስታይ ለማንም ሳትናገር እሳቸውን ጠራች። የካንሰር ሴሎቹ ሞተዋል፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ጤነኞቹ ግን ደህና ናቸው።

አቶ ይደገም በማይክሮስኮፑ ደጋግመው አይተው ቀና አሉ። መነጽራቸው በላብ ደብዝዟል።

«አገኘነው፣ ልጄ» አሉ። «ሂጂ፣ ምርምሩን ሳይዘጋው ለኃላፊው ንገሪው። አሁኑኑ።»

በሩ ድረስ ሄደች፤ እጀታውን ጨበጠችና ቆመች። ገዳዩ እንደ አምናው ጨው ሆኖ ተገኝቶ እኚህን ሽማግሌ ሲያዋርዳቸው ማየት አልፈለገችም።

«ይደገም፣ ጋሼ።»

እንደተያዘ ሌባ ደነገጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከካርቶኑ ጓንት መዘዙ፤ ለእሷም ለራሳቸውም።

«ለመሆኑ ጨዉን ደህና አድርገሽ አጥበሽዋል?» አሉ።

ልጅቷ እፎይ አለች።